ሰማንያ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተው እንዴት ነው? የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ታሪክና ሥራ፣ ከጣና ዳር ሆኖ ለሚያነብ

ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መድረክ ላይ ሲቀመጥ ከ80 እስከ 100 ሰው ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ 60 ያህሉ የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው፦ 16 አንደኛ ቫዮሊን፣ 14 ሁለተኛ ቫዮሊን፣ 12 ቪዮላ፣ 10 ቼሎ፣ 8 ደብል ቤዝ። ከኋላቸው የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላሪኔትና ባሱን እያንዳንዳቸው ከሁለት እስከ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ከዚያ የናስ መሣሪያዎቹ፣ አራት ሆርን፣ ሁለት ወይም ሦስት ትራምፔት፣ ሦስት ትሮምቦን፣ አንድ ቱባ፣ በመጨረሻም ቲምፓኒና ሌሎች የምት መሣሪያዎች ይከተላሉ። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አንድ ኦቦ ብቻውን ከበቃ፣ አንድ ዓይነት ኖታ ለመጫወት 16 ቫዮሊን ለምን ያስፈልጋል?

ነገሩ ድምፅ ማጉላት ብቻ አይደለም። የተጫዋቹ ቁጥር እጥፍ በሆነ ጊዜ ሁሉ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ስለዚህ 16 ቫዮሊን ከአንዱ የሚበልጠው በ12 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል፤ ለጆሮ ከእጥፍ ትንሽ ያለፈ ነው እንጂ 16 እጥፍ ሆኖ አይሰማም። ትልቁ ለውጥ የድምፁ ጠባይ ላይ ነው። 16 ሰው አንድ ኖታ ሲይዝ የእያንዳንዱ ጣት አቀማመጥ በጥቂቱ ይለያያል፤ የጣቱ ንዝረትም በየራሱ ፍጥነት ይሄዳል። እነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ሲዋሐዱ አንድ ቫዮሊን ብቻውን ሊያወጣው የማይችል ሰፊና ለስላሳ ድምፅ ይፈጠራል። የሚገርመው ከሁሉ የሚከፋው ቁጥር ሁለት መሆኑ ነው። ሁለት ቫዮሊን አንድ መስመር ሲጫወቱ ልዩነታቸው ሳይዋሐድ ይጋጭና እንደ ስሕተት ይሰማል። ሦስተኛው ሲጨመር መዋሐድ ይጀምራል። በጥቂት ተጫዋች ቡድን ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

በሌላ በኩል አንድ ትራምፔት በሙሉ ጉልበቱ ሲነፋ መላውን የቪዮላ ክፍል ይሸፍናል። አቀማመጡም ከዚህ የመጣ ነው፤ ብዙ ሆነው ድምፃቸው ለስላሳ የሆኑት ከፊት፣ ጥቂት ሆነው ጉልበት ያላቸው ከኋላ ይቀመጣሉ። አንደኛ ቫዮሊኖች ከአድማጭ በስተግራ የሚቀመጡት ደግሞ ድምፅ የሚወጣባቸው ሁለቱ ቀዳዳዎች ወደ አዳራሹ እንዲዞሩ ነው። ሁለተኛ ቫዮሊኖችን በቀኝ በኩል የሚያስቀምጡ መሪዎችም አሉ። ያን ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች ሲመላለሱ በግልጽ ይሰማል፤ ነገር ግን የሁለተኞቹ ቀዳዳ ወደ መድረኩ ኋላ ስለሚዞር ድምፃቸው ይደበዝዛል።

ከመስፍን ቤት ወደ ትኬት አዳራሽ

ይህ ድርሻ አሁን ያለውን መልክ እስኪይዝ ከ200 ዓመት በላይ ፈጅቷል። (ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በመጀመሪያ ተጫዋቾች የነገሥታትና የመኳንንት ቤት አገልጋዮች ነበሩ። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ሙዚቃውን ይመራ የነበረው ሉሊ፣ የክር ተጫዋቾቹ ሁሉ ደጋናቸውን አብረው ወደ ታች፣ አብረው ወደ ላይ እንዲስቡ አደረገ። እያንዳንዱ ዜማውን በራሱ ስሜት እንዳያስጌጥም ከለከለ። ዛሬ ኦርኬስትራ ላይ ደጋኖች እንደ አንድ እጅ ሲንቀሳቀሱ የምናየው ሥርዓት ሥሩ እዚያ ነው።

የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን በ1761 በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ሲቀጠር የነበሩት ተጫዋቾች ከ20 አይበልጡም ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ለንደን ሄዶ ትኬት ለገዛ ሕዝብ ሲያቀርብ ግን 40 ያህል ሆኑለት፤ በ1795 ደግሞ ወደ 60 ደረሱ። ሙዚቃው ከመስፍን ቤት ወጥቶ ወደ ትልቅ አዳራሽ ሲገባ ክሩ መብዛት ነበረበት፤ ክሩ ሲበዛ የናሱም መጨመር ተቻለ። ቤትሆቨን በ1808 ባቀረበው አምስተኛ ሲምፎኒው የመጨረሻ ክፍል ላይ ሦስት ትሮምቦን፣ አንድ ትንሽ ፍሉትና አንድ ጥልቅ ባሱን ጨመረ። እስከዚያ ድረስ ትሮምቦን በብዛት የሚሰማው በቤተ ክርስቲያንና በኦፔራ ነበር።

መሣሪያውም ራሱ ተለውጧል። የድሮ ሆርን የሚያወጣው ቱቦው በተፈጥሮው የሚሰጣቸውን ጥቂት ድምፆች ብቻ ነበር፤ ሙዚቃው መነሻ ድምፁን በቀየረ ቁጥር ተጫዋቹ የቱቦ ቁራጭ ነቅሎ ሌላ ይሰካ ነበር። በ1810ዎቹ አጋማሽ ጀርመን ውስጥ ቫልቭ ተሠራ፤ በጣት ብቻ የቱቦውን ርዝመት በቅጽበት መቀየር ተቻለ። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ሙዚቃ ለሆርንና ለትራምፔት ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ ሥራ ይሰጣል።

ቋሚ ኦርኬስትራ ግን ከሙዚቃ በፊት የገንዘብና የደንብ ጉዳይ ነው። የላይፕሲግ ነጋዴዎች በ1743 ገንዘብ አዋጥተው 16 ተጫዋቾችን ይዘው የጀመሩት ኮንሰርት ዛሬ የጌቫንትሃውስ ኦርኬስትራ ሆኗል። በ1842 በቪየናና በኒው ዮርክ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተደራጁ። በ1882 በርሊን ላይ ከአንድ የባንድ ባለቤት ጋር ያልተስማሙ ተጫዋቾች ወጥተው የበርሊን ፊልሃርሞኒክን አቋቋሙ፤ እስከ ዛሬም ዋና መሪያቸውን የሚመርጡት ራሳቸው በድምፅ ነው።

ከሁሉ ግን በ1904 የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተመሠረተበት ምክንያት ሊጤን ይገባዋል። በወቅቱ ለንደን ውስጥ አንድ ተጫዋች ልምምዱን ሁሉ ይመጣና በኮንሰርቱ ቀን የተሻለ ክፍያ ካገኘ ምትክ ሰው ይልክ ነበር። መሪው ሄንሪ ውድ ይህ ከእንግዲህ አይሆንም ሲል 40 ያህል ተጫዋቾች ተለይተው የራሳቸውን ኦርኬስትራ መሠረቱ። ችግሩ የለንደን ብቻ አይደለም። ተጫዋች በሆቴልና በሰርግ በሚያድርበት ከተማ ሁሉ ይህ ፈተና አለ። ባሕር ዳር ላይ በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሰርግ ሳምንታት ልምምድ የሚጠራ ሰው ግማሽ ወንበር ባዶ ቢያገኝ ሊደንቀው አይገባም። የዓመቱ መርሐ ግብር ከመጀመሪያው ይህን አስቦ መውጣት አለበት።

ወደ አገራችን የናስ መሣሪያ የገባው ከክር ቀድሞ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ለዐፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ተላኩ። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የመንግሥቱ የናስ ባንድ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ ናልባንዲያን ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1955 በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቃውን አደራጅተዋል። በ1963 ደግሞ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በግብፅ ተወላጁ ሃሊም ኤል-ዳብ አነሳሽነት ተመሠረተ። የክር መሣሪያ ትምህርት ሥርዓት ይዞ የተስፋፋው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። ዛሬም ትራምፔት ወይም ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ማግኘት ቪዮላ የሚጫወት ከማግኘት የሚቀለው በአብዛኛው ናሱን ያስተማረው የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንድ ስለሆነ ነው።

ማን ማንን ያያል?

ማኅሌት ቆሞ የሚያውቅ የጣና ዳር ሰው የኦርኬስትራን የአመራር ሥርዓት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ሲዘምሙ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገናቸውን ይይዛሉ፤ ጀማሪው መቋሚያውን የሚያነሳው በአቅራቢያው ያለውን አዋቂ እያየ ነው። ኦርኬስትራም ላይ ትእዛዝ ከአንድ ሰው ብቻ አይወጣም። ከአንደኛ ቫዮሊኖች ፊት የሚቀመጠው ኮንሰርትማስተር አለ፤ እያንዳንዱ ክፍልም የራሱ መሪ አለው። በአሥረኛው ወንበር ያለ ቫዮሊን ተጫዋች አንድ ዓይኑ ኖታው ላይ፣ አንድ ዓይኑ የክፍሉ መሪ ደጋን ላይ ነው፤ ዋናውን መሪ የሚያየው በሁለቱ መካከል ነው።

ልዩነቱ ጽሑፉ ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጁ የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች ዜማውን ለተማረ ሰው ማስታወሻ ናቸው። ድጓውን ከመምህሩ አፍ ያልተቀበለ በምልክቱ ብቻ አያዜምም። የኦርኬስትራ ኖታ ግን የተጻፈው ሙዚቃውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ጭምር ነው። ቁመቱ የድምፁን ከፍታ፣ ቅርጹ ርዝመቱን ይነግራል፤ ከሥሩ ያሉት ምልክቶች ደግሞ መቼ እንደሚለሰልስ መቼ እንደሚጠነክር ያሳያሉ። ተዋውቀው የማያውቁ 80 ሰዎች ከሦስትና ከአራት ልምምድ በኋላ አንድ ትልቅ ሥራ ማቅረብ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የክር ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ስታንድ (የኖታ ማስቀመጫ) ይጋራሉ። ገጽ የሚገለብጠው ከአድማጭ ራቅ ብሎ በውስጥ በኩል የተቀመጠው ነው፤ ውጪኛው መጫወቱን አያቋርጥም። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ከፍና ዝቅ ያለ ድምፅ እንዲጫወት ከተጻፈ፣ ሌላ ትእዛዝ ከሌለ፣ ላይኛውን የሚይዘው የውጪው ተጫዋች ነው። ይህን ሁሉም ካላወቀ ልምምዱ በጥያቄና መልስ ያልቃል።

መሪው የሚሠራው ዋና ሥራ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ነው። ከመጀመሪያው ኖታ በፊት እጁን አንድ ጊዜ ያነሳል፤ ያቺ አነሳስ ፍጥነቱን፣ ጉልበቱንና ጠባዩን ሁሉ መናገር አለባት። ነፊዎች የሚተነፍሱት በእሷ ላይ ነው። አነሳሷ ከሚቀጥለው ፍጥነት ከፈጠነች ወይም ከዘገየች የመጀመሪያው ኖታ ተበትኖ ይወጣል፤ ጥፋቱም የተጫዋቾቹ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ርቀት ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመሪው 15 ሜትር ርቆ የተቀመጠ የቲምፓኒ ተጫዋች ድምፁ ወደ መሪው የሚደርሰው ከ44 ሺሕኛ ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። የቫዮሊኑን ድምፅ ሰምቶ ልከተል ካለ ደግሞ የሰማው ራሱ የዘገየ ስለሆነ መዘግየቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከኋላ ያሉት በጆሮ ሳይሆን በዓይን፣ ትንሽም ቀደም እያሉ መጫወት ይማራሉ። ሆርን ላይ ይብሳል፤ አፉ ወደ ኋላ ስለዞረ ድምፁ ከኋላ ግድግዳ ተመልሶ ነው ወደ አድማጩ የሚሄደው። አዲስ ኦርኬስትራ ሁልጊዜ እየዘገየ የሚሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ሌላውን እየሰማ ይጠብቃል።

የአንድ ሳምንት ሥራ

የተለመደው መርሐ ግብር ለአንድ ኮንሰርት ከሦስት እስከ አምስት ልምምድ ነው፤ እያንዳንዱ ልምምድ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ መካከል ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዕረፍት አለው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ነፊዎች ከዚያ በላይ ቢነፉ ከንፈራቸው ይደክማል፤ የደከመ ከንፈር ደግሞ በማግሥቱም ያስቸግራል። ልምምድ ማለት ኖታ የሚጠናበት ጊዜ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ቤቱ አጥንቶ ይመጣል፤ ልምምዱ ድርሻዎቹ የሚገጣጠሙበት ነው። ይህ አንድ ደንብ ካልተከበረ ሌላው ሁሉ አይሠራም። ብዙ ጀማሪ ቡድን የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው፤ ያላጠኑት እስኪያጠኑ ያጠኑት ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ከሁለት ወር በኋላ የማይመጡት የተሻሉት ይሆናሉ።

ከልምምዱ በፊት የማይታየው ሰው የኖታ ቤት ኃላፊው ነው። 60 የክር ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ የሚያስፈልጋቸው 30 ቅጂ ነው፤ 8 ለአንደኛ ቫዮሊን፣ 7 ለሁለተኛ፣ 6 ለቪዮላ፣ 5 ለቼሎ፣ 4 ለደብል ቤዝ። ነፊዎች ግን ለእያንዳንዱ የራሱ ወረቀት አለው። ደጋን መቼ ወደ ታች መቼ ወደ ላይ እንደሚሳብ ኮንሰርትማስተሩ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ይወስናል፤ ኃላፊው በሌሎቹ ሁሉ ላይ በለስላሳ እርሳስ ይገለብጠዋል። በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ውሳኔው በልምምድ ላይ ይለወጣልና። የመሪው ኖታና የተጫዋቾቹ ወረቀት ከተለያየ ኅትመት ከመጡ የምልክት ፊደሎቹ አይገጥሙም፤ መሪው «ከ‹ሐ› ጀምሩ» ሲል ግማሹ ሌላ ቦታ ይጀምራል። ይህን ለማስተካከል 10 ደቂቃ ቢባክን፣ በ80 ሰው ሲባዛ ከ13 ሰዓት በላይ የሰው ጉልበት ጠፋ ማለት ነው።

የቅጂ መብቱንም የሚጠብቀው የኖታ ቤት ኃላፊው ነው። በኢትዮጵያ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የቤትሆቨን ዜማ ለማንም ክፍት ነው። የአገራችን የ1960ዎቹ ዘፈን ግን ለኦርኬስትራ ለመጻፍ ከባለመብቱ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው።

አዲስ ተጫዋች የሚመረጠው ብዙ ቦታ ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ዳኞቹ ማን እንደሚጫወት እንዳያዩ መጋረጃ ይዘረጋል፤ የጫማ ድምፅ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን እንዳይናገር ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ተፈታኙ አንድ ብቸኛ ሥራ ይጫወታል፤ ቀጥሎም ከታወቁ የኦርኬስትራ ሥራዎች የተቆረጡ ከባድ ቦታዎች ይሰጡታል። የሚታየው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ምቱን መጠበቁና ቅኝቱ ነው። ያለፈውም ወዲያው ቋሚ አይሆንም፤ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በሙከራ ይቆያል፤ ብቻውን ጎበዝ የሆነ ሰው በክፍል ውስጥ ራሱን መደበቅ ሊያቅተው ይችላልና።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይሻላል። ባውሞልና ቦወን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1966 እንዳሳዩት፣ ፋብሪካ በማሽን ምርቱን እያበዛ ደመወዝ ሲጨምር፣ አንድ ሲምፎኒ ግን ከ200 ዓመት በፊት የፈለገውን ያህል ሰውና ደቂቃ ዛሬም ይፈልጋል። ወጪው በየዓመቱ ከገቢው ይሸሻል። በዚህ ምክንያት በትኬት ሽያጭ ብቻ የሚኖር ኦርኬስትራ ማግኘት ይከብዳል፤ መንግሥት፣ ከተማ ወይም ለጋሽ ከኋላው አለ።

ባሕር ዳር ላይ ሲሆን

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ድምፅ የሚጓዝበትን ፍጥነት ግፊት አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀት ነው። ሪድ (ሲነፋ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚሰጠው የመሣሪያው አፍ ላይ ያለ ስስ ቁራጭ) ላይ ግን ከፍታው ይታያል። የኦቦና የባሱን ሪድ የሚሠራው ከሸምበቆ ነው፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለዚህ አይሆንም። ቆላ ላይ ተሞርዶ የመጣ ሪድ እዚህ ጠባዩን ይቀይራል። ስለዚህ ተጫዋቹ ያለቀለት ሪድ ከመግዛት ይልቅ በግማሽ የተሠራ ገዝቶ እዚሁ ሞርዶ ቢጨርስ ይሻለዋል። የሪድ መሞረጃ ቢላ የሌለው ኦቦ ተጫዋች ግማሽ ተጫዋች ነው።

የቅኝቱ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኦርኬስትራው የሚቃኘው ኦቦ በሚሰጠው ላ ላይ ነው፤ የዓለም አቀፉ መለኪያ በሰከንድ 440 ንዝረት ነው። ኦቦ የተመረጠው ድምፁ ቀጥ ያለና ጥርት ያለ ስለሆነ፣ በተጨማሪም የራሱን ቅኝት እንደ ክር በቀላሉ መለወጥ ስለማይችል ነው፤ ሌሎቹ እሱን ይከተላሉ እንጂ እሱ ሌሎቹን አይከተልም። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በአየሩ ብቻ ቢታሰብ የነፊዎች ድምፅ የአንድ ግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ከፍ ይላል። ክር ግን ሲሞቅ ይለጠጥና ዝቅ ይላል። በቀዝቃዛ ጠዋት የተቃኘ ኦርኬስትራ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጣና ዳር በፀሐይ ቢቀመጥ ነፊውና ክሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሸሻሉ። ማንም በጥበቡ ይህን አያሸንፍም። ጥላ ያስፈልጋል፤ ከዕረፍት በኋላም እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል።

እንጨቱን የሚጎዳው የወቅቱ ለውጥ ነው። ለቫዮሊን ቤተሰብ የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። በክረምት እንጨቱ ያብጥና የክር መወጠሪያ ቁልፎቹ አልዞር ይላሉ፤ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ይደርቅና ቁልፎቹ ይለቃሉ፣ የጎን መገጣጠሚያው ይከፈታል። መገጣጠሚያው መከፈቱ ክፉ ምልክት ብቻ አይደለም። ሠሪዎች ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ሙጫ የሚጠቀሙት ሆን ብለው ነው፤ እንጨቱ ከመሰንጠቁ በፊት ሙጫው እንዲለቅ። ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ የተከፈተውን በአናጺ ኮላ ወይም በፈጣን ማጣበቂያ ይዘጋዋል፤ በሚቀጥለው በጋ ሙጫው አይለቅም፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የተከፈተ መገጣጠሚያ ሲገኝ ክሮቹን አላልቶ፣ መሣሪያውን በሣጥኑ ዘግቶ፣ ለሚያውቅ ሠራተኛ ማድረስ ነው። በደረቁ ወራት በሣጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል፤ እንጨቱን ግን መንካት የለበትም። ደጋኑም ሲጨረስ ይላላ። ከማሲንቆው ጋር አንድ ነው፤ ፀጉሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ ተወጥሮ ከከረመ ዘንጉን ያጣምማል።

ከቤት ውጪ፣ በሐይቁ ዳር ኮንሰርት ማሳየት የሚፈልግ አዘጋጅ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው ነፋስ ነው፤ ቀን ላይ መሬቱ ከውኃው ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። እያንዳንዱ ስታንድ ላይ ቢያንስ አራት የልብስ መቆንጠጫ ያስፈልጋል፤ ሁለት ለግራ ገጽ፣ ሁለት ለቀኝ። ስታንዱም ቀላል ታጣፊ ከሆነ ከነወረቀቱ ይወድቃል፤ ከባዱ ይመረጥ፣ ካልተገኘ እግሩ በአሸዋ ከረጢት ይያዝ። ሁለተኛው ድምፁ የሚመለስበት ግድግዳ አለመኖሩ ነው። ጥሩ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ከቆመ በኋላ ሁለት ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ሜዳ ላይ ወዲያው ይጠፋል፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥርም በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከመድረኩ ኋላና ከላይ በወፍራም ኮምፔልሳቶ የተሠራ ከለላ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ብዙ ይለውጣል፤ ድንኳን ግን ድምፅ አይመልስም። ማይክራፎን ከተጨመረ ለክሮቹ በየስታንዱ ይሁን፤ ናሱ ጋ አያስፈልግም። የድምፅ ባለሙያው ከዘፈን ባንድ ጋር ብቻ የሠራ ከሆነ ከሁሉ በፊት ቤዙን ያጎላል፤ ያን ጊዜ ቪዮላው ይቀበራል።

ስለሚቀርበው ሙዚቃም አንድ ነገር እንበል። ትዝታን ለኦርኬስትራ ሲጽፉ ብዙዎች የአዝማሪውን ዜማ ለ30 ቫዮሊን በአንድነት ይሰጡና በፈረንጅ ኅብረ ድምፅ ይደግፉታል። ሁለቱም ይጎዳል። አዝማሪው ዜማውን የሚያስጌጠው በቅጽበታዊ ፈጠራው ነው፤ 30 ሰው ያን ጌጥ በአንድ ላይ ሲጫወት ወይ ይደነድናል ወይ ይተራመሳል። ጌጡ ለአንድ ሰው፣ ለብቸኛ ቫዮሊን ወይም ለኦቦ ይሰጥ፤ ሌሎቹ ራቁት ዜማውን ወይም ረጅም ድምፅ ይያዙ። ኅብረ ድምፁም ላይ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ነው። የአውሮፓው አሠራር ወደ ቤቱ የሚመለሰው በፋና በሲ ነው፤ እነሱ ሲገቡ ትዝታው ወዙን ያጣል። አምስቱን ድምፆች በተለያየ ከፍታ በክሮቹ ላይ መዘርጋት፣ ደብል ቤዙን በዶና በሶል ላይ ማቆየት የተሻለ መንገድ ይመስለናል።

ከዜሮ የሚነሳ ቡድን በ80 ሰው አይጀምርም፤ ሊጀምርም አይገባም። እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያለ የኪነት ቤት ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ 20 የክር ተጫዋች ይበቃል፦ 6 አንደኛ ቫዮሊን፣ 5 ሁለተኛ፣ 4 ቪዮላ፣ 3 ቼሎ፣ 2 ደብል ቤዝ። ቪዮላ ተጫዋች የለም ከተባለ ከቫዮሊኖቹ አራቱ ወደ ቪዮላ ይዛወሩ፤ አያያዙ ተመሳሳይ ነው፣ የሚለወጠው የኖታው ቁልፍና የጣት ርቀቱ ነው፤ በጥቂት ወራት ይለመዳል። ደብል ቤዝ ግን ከመጀመሪያው ይኑር፤ ያለ እሱ ቡድኑ እግር የለውም፣ ቅኝቱንም የሚደገፍበት አያገኝም። በሳምንት ሁለት ልምምድ፣ ከዚህ በተጨማሪ አንድ ጊዜ የየክፍሉ ብቻ ልምምድ፤ የጋራ ልምምዱ የመጀመሪያ 15 ደቂቃ ለረጅም ኖታና ለቅኝት ብቻ ይሁን። ነፊዎች የሚጨመሩት ክሮቹ አንድ ሙሉ ሥራ ሳይቆሙ መጨረስ ሲችሉ ነው፤ በቅድሚያ ሁለት ኦቦና ሁለት ሆርን። የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦርኬስትራ ለብዙ ዓመት የሠራው በዚሁ ድርሻ ሲሆን፣ ለዚህ የተጻፈው ሙዚቃ ለዓመታት ያሠራል። ትሮምቦኑና ቱባው ቸኩለው ከገቡ 20 ክር አይችላቸውም።